ባሌስትራ ተጨመረላት፣ ፍሬኗ ሸተተ፦ የአንዲት ሃይሉክስ ጉዳይ

ሃይሉክሷ ደብረ ብርሃን ወዳለው ጋራዣችን የመጣችው ለፍሬን አልነበረም። ባለቤቷ ይዘዋት የመጡት "ሾኮቹ ፎርጅድ ናቸው፣ ቀይሩልኝ" ብለው ነው። አራቱም ሾክ አብዞርበሮች ከተገጠሙ ገና ጥቂት ወራቸው ነው። ሆኖም መኪናዋ ጉድጓድ በገባች ቁጥር ፊቷ "ጓ" ይላል። የፊት ጎማዎቿ ውጪያዊ ጠርዛቸው ተበልቷል። ማታ ማታ ደግሞ ከፊት የሚመጣው ሹፌር ሁሉ በመብራት ይሰድባቸዋል።

የፍሬኑን ነገር ያነሱት መጨረሻ ላይ፣ ሊወጡ ሲሉ ነው። "ጣርማ በርን ስወርድ ደግሞ ትንሽ ትሸታለች።"

"ምን ምን ትሸታለች ጋሼ?"

"የተቃጠለ ነገር። ሸራው ይመስለኛል። አንዳንዴም ትንሽ ታጨሳለች። ግን አሁን እሱን ተወው፣ ሾኩን እይልኝ።"

እኔ ደግሞ ከዚህች ዓረፍተ ነገር በኋላ ሾኩን ማየት አልቻልኩም። መንገዱን የማያውቅ ካለ ይኸው፦ ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ ሲኬድ መንገዱ እየወጣ ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆፈረውን ዋሻ አልፎ ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። ከዚያም እስከ ሸዋ ሮቢት መውረዱን ይቀጥላል። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ናት። 50 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ወይም ከዚያ ብዙም በማይበልጥ መንገድ ከደጋ ቆላ መግባት ማለት ነው። ጋሼ ይህን መንገድ ባዶ አይወርዱትም። ሲወርዱ ድንችና ገብስ፣ ሲመለሱ ሽንኩርትና ቲማቲም ይጭናሉ።

ከዚህ በፊት የሆነው

መጀመሪያ የደከመው የኋላው ባሌስትራ፣ ማለትም ጭነቱን የሚሸከመው የተደራረበ የብረት ቅጠል ነው። እንዲህ ዓይነቷ ሃይሉክስ የምትሸከመው በግርድፉ አንድ ቶን ነው። 10 ኩንታል ማለት ነው፣ ያውም ጋቢና ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች ተቆጥረው። ጋሼ ግን ለዓመታት እስከ 15 ኩንታል ጭነውባታል። ባሌስትራ ሳይሰበርም ይደክማል። ጉብጠቱ እየጠፋ ቀጥ ይላል፣ ሲጫንበትም ወደ ታች ይገለበጣል። ያኔ ሻንሲውና (የመኪናዋ ዋና የብረት አካል) አክስሉ (ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የያዘው ብረት) እንዳይጋጩ የተቀመጠው የላስቲክ ትራስ በየጉድጓዱ ይመታል። ጋሼ ያኔ ከኋላ የሰሙት ይህንን ድምፅ ነበር።

ሌላ ከተማ ያለ አንድ ጋራዥ ወሰዷት። እዚያ የደከመውን ባሌስትራ አልቀየሩትም። ከትልቅ መኪና የወጣ ባሌስትራ ቆርጠው በግራም በቀኝም ሁለት ሁለት ቅጠል ጨመሩበት። አራት አዲስ ሾክም ገጠሙላቸው። እኛ አገር ባሌስትራ መጨመር እንደ ምርቃት ነው የሚታየው። "አጠንክሬልሃለሁ" ይባላል፣ ባለመኪናውም አመስግኖ ይሄዳል።

መኪናዋ ከኋላ ተነሳች። ፊቷ ያጎነበሰች መሰለች። የሚያውቁት አንድ ልጅ "ይቺማ ቀላል ናት" ብሎ ከሥር ገባና ሁለት ቡሎን አጥብቆ ፊቷንም አነሳላቸው። አሁን ከጎን ሲያዩአት ቀጥ ብላለች። ጎማ መብላት ስትጀምር አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ በማሽን ማስተካከል) አስደረጉላት። አልተሻላትም፣ ደገሙላት። ያም አልሆነም። ጥፋቱ በሙሉ ሾኩ ላይ የተላከከው ከዚህ በኋላ ነው።

ሾክ መኪና አይሸከምም

ሾክ ሲገዛ "ከፍ ያደርጋታል?" ብሎ የሚጠይቅ ደንበኛ በየሳምንቱ ይመጣል። መልሱ ባጭሩ አያደርጋትም ነው። መኪናዋን ከፍ አድርጎ የያዛት ሞላው፣ ባሌስትራው ወይም ቶርሽን ባሩ ነው። ሾክ ሥራው ሌላ ነው፤ ጭነቱን የተሸከመው አህያው ከሆነ፣ ሾክ ከኋላ ሆኖ እንዳይፈነጭ የሚይዘው ሰውዬ ነው።

ማረጋገጥ የሚፈልግ አዲስ ሾክ መሬት ላይ አቁሞ በእጁ ይጫነው። ይገባል። ጋዝ ያለው ዓይነት ከሆነ ሲለቁት ቀስ ብሎ ይመለሳል። ያ መልሶ የሚገፋው ጉልበት ቢበዛ ጥቂት አስር ኪሎ ቢሆን ነው። በአንዱ ጎማ ላይ ግን ባዶ ፒክአፕ እንኳ ከ300 ኪሎ በላይ ያርፋል። ስለዚህ ጋዝ ሾክ ሲገጠም መኪናዋ በጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ልትል ትችላለች፣ ከዚያ አያልፍም። አንድ መኪና ሾክ ከተቀየረላት በኋላ በሳንቲም ደረጃ ከፍ ወይም ዝቅ ካለች አብሮ የተነካ ሌላ ነገር አለ። ወይ ሞላው ተቀይሯል፣ ወይ ሞላው መቀመጫው ላይ በትክክል አልገባም፣ ወይ ጎሚኒዎቹ (የመጋጠሚያ ላስቲኮቹ) ያለቦታቸው ጠብቀዋል።

የጋሼን ሾኮች ፈትተን አየናቸው። ደህና ናቸው። አንደኛው የፊት ሾክ ላይ ብቻ የዘይት እርጥበት ጀምሯል። ለምን እንደሆነ ወደ ፊት እመለስበታለሁ።

መለካት

ዓይን ይሸውዳል፣ ስለዚህ ሜትር አወጣን። የሲሚንቶ ወለሉ ጠፍጣፋ የሆነበት ቦታ ላይ አቆምናት። ጭነት የለም፣ ሰው የለም፣ የጎማዎቹ ንፋስ እኩል ተደርጓል። በክሪክ ተነስታ ከወረደች ጎማዎቹ ያለቦታቸው ስለሚቀሩ ትንሽ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ገፋናት። በየማዕዘኗም ነቅነቅ አደረግናት። የሚለካው ከቸርኬው መሃል ቀጥ ብሎ ወደ ላይ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ነው። ከመሬት መለካት ስህተት ላይ ይጥላል። ጎማ ሲያልቅ ወይም ሌላ ቁጥር ጎማ ሲገባ ከመሬት ያለው ከፍታ ይቀየራል፣ የባሌስትራው አቋም ግን ያው ነው።

ማነጻጸሪያ እንዲሆነን ሰፈር ውስጥ ያለች ያልተነካካች ተመሳሳይ ሃይሉክስ ለምነን ለካን። የእሷ ፊት 46 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ኋላዋ 52 ነው። የጋሼ ፊት በግራ 49፣ በቀኝ 50 ተኩል ሆነ። ኋላዋ በሁለቱም በኩል 58 አለፈ። ቀጥ ያለች የመሰለችው ኋላዋም ፊቷም ከልክ በላይ ስለተነሱ ነው።

የፊቱ ነገር

የዚህችኛዋ ሃይሉክስ ፊት ሞላ የለውም። ከ2004 እ.ኤ.አ. ወዲህ የወጡት ቪጎዎች ፊታቸው ሞላ ነው። ከእነሱ በፊት ከነበሩት ደግሞ ፊታቸውም ባሌስትራ የሆኑ አሉ። ይህችኛዋ ቶርሽን ባር ናት። በሻንሲው ጎን ለጎን የተዘረጋ ረጅም የብረት ዘንግ ነው። አንድ ጫፉ ጎማውን የያዘው ክንድ ላይ፣ ሌላኛው ጫፉ ሻንሲው ላይ ታስሯል። ጎማው ወደ ላይ ሲወጣ ዘንጉ ይጠመዘዛል። ላለመጠምዘዝ የሚታገለው ትግል ነው መኪናዋን የሚያቆማት። ከኋላ ጫፉ ማስተካከያ ቡሎን አለ። ልጁ ያጠበቀው እሱን ነው።

ቡሎኑን ማጥበቅ ዘንጉን ብርቱ አያደርገውም። ጥንካሬው በውፍረቱና በርዝመቱ የተወሰነ ነው። ቡሎኑ የሚቀይረው የሚነሳበትን ቦታ ብቻ ነው። ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድበት ርቀት ደግሞ የተሰፈረ ነው። ፊቷን በ4 ሳንቲ ሜትር ስታነሳት ወደ ታች ከሚቀረው ላይ 4 ሳንቲ ሜትር ወሰድክ ማለት ነው። ጉድጓድ ሲመጣ ጎማው ተከትሎ መውረድ አይችልም፣ ክንዱ ማቆሚያው ላይ ይንጠለጠላል። "ጓ" የሚለው ይህ ነው። ሾኩም ተዘርግቶ ጫፉ ላይ እየደረሰ ይመታል። አንደኛው ዘይት መትፋት የጀመረውም ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል። ፎርጅድ ነው ለማለት ምንም ማስረጃ አላገኘሁም።

ጎማ መብላቱም ከዚሁ ነው። ሁለቱ ክንዶች ከቦታቸው ሲወጡ የጎማው ዘንበል ይቀየራል፣ ጎማዎቹ ፊት ለፊት የሚያዩበት አቅጣጫም ይዛባል። የብራቾው ቴስቲናዎች (መሪውን ከጎማው የሚያገናኙት መጋጠሚያዎች) እና የላይኛው የክንድ መጋጠሚያ ተወጥረው ይሠራሉ። አላይመንት ለምን አልረዳም? ከፍታው ሳይስተካከል ስለተሠራ ነው። ማሽኑ ላይ ቁጥሩ ትክክል ቢሆን እንኳ መኪናዋ መንገድ ላይ ስትወዛወዝ እዚያ አይቆይም። በእኔ አስተያየት ከፍታ ሳይለካ አላይመንት ማሠራት ገንዘብ መበተን ነው፣ ይህን ለደንበኛ የማይነግር ባለማሽንም አይወደኝም።

ፍሬኑ

አሁን ወደ ሽታው። የመጀመሪያ ጥርጣሬያችን ከፊት አንዱ ፍሬን ተይዞ ይሆናል የሚል ነበር። አነሳናት። የፊት ጎማዎቹ በነፃ ይዞራሉ። ፓዶቹ ግን ፊታቸው እንደ መስታወት አብለጭልጯል፣ ዲስኮቹ ላይ ሰማያዊ የሙቀት ጥላ አለ። የኋላውን ታምቡሮ (የፍሬኑን ከበሮ) ስንከፍት ሸራው ወፍራም ነው፣ አልተቃጠለም፣ ዘይትም አይፈስም። ይህ ጥሩ ዜና መምሰል የለበትም። ተጭና ቁልቁል የምትወርድ መኪና የኋላ ሸራዋ እንዲህ ደህና ሆኖ ከተገኘ አልሠራም ማለት ነው።

በዝቅተኛ ማርሽ፣ ከጭነት ጋር ትንሽ ቁልቁለት አወረድናትና ወዲያው አቆምናት። የፊቱ ቸርኬ ላይ ውኃ ጠብ ሲደረግ "ችስ" አለ። የኋላው ላይ እጅ ይቀመጣል።

በእንዲህ ዓይነቶቹ ፒክአፖች ከኋላ አክስሉ በላይ፣ ሻንሲው ላይ፣ አንድ ትንሽ ቫልቭ አለ። ከአክስሉ ጋር በዘንግ ተያይዟል። ብዙ ሹፌር መኖሩን አያውቅም፣ ብዙ መካኒክም ዝገት የበዛበት ብረት ነው ብሎ ያልፈዋል። ሥራው ጭነትን መለካት ነው። መኪናዋ ባዶ ስትሆን ሻንሲው ከአክስሉ ይርቃል። ቫልቩም "ባዶ ናት" ብሎ ወደ ኋላ ፍሬን የሚሄደውን ግፊት ይቀንሳል። ባዶ ፒክአፕ ኋላዋ ቀላል ስለሆነ ኃይለኛ ፍሬን ከተያዘባት ጎማው ይታሰርና ትንሸራተታለች። ሲጫንባት ሻንሲው ወደ አክስሉ ይጠጋል፣ ዘንጉ ቫልቩን ያንቀሳቅሳል፣ የኋላ ፍሬኑም ሙሉ ግፊት ያገኛል።

የጋሼ መኪና ኋላዋ 6 ሳንቲ ሜትር ተነስቷል። ባሌስትራውም ከመጠንከሩ የተነሳ 10 ኩንታል ተጭኖበት እንኳ ብዙም አይወርድም። ቫልቩ ታዲያ ምን ይወቅ? ሁልጊዜ ባዶ ናት ብሎ ያምናል። ድንች ሞልተው ከዋሻው ቁልቁል ሲወርዱ የኋላ ፍሬኑ የባዶ መኪና ግፊት ነው የሚደርሰው። ያን ሁሉ ክብደት በአብዛኛው የያዙት የፊት ፓዶቹ ናቸው። ከዚያ ይሸታል፣ ያጨሳል። ፍሬን ዘይቱ ያረጀ ቢሆን ኖሮ ሊፈላና ፔዳሉ ወለል ድረስ ሊገባ ይችል ነበር።

ግምት እንዳይሆን በግፊት መለኪያ አየነው። ፔዳሉ ተረግጦ የኋላው መስመር ይለካል፣ ከዚያ የቫልቩ ክንድ በእጅ ወደ ጭነት አቅጣጫ ተገፍቶ እንደገና ይለካል። በእጅ ሲገፋ የኋላው ግፊት ጥርት ብሎ ከፍ አለ። ቫልቩ አልተበላሸም፣ አልዛገም፣ የተዋሸ ነው።

ጋሼ ይህን ሲሰሙ ዝም አሉ። ከዚያ "ታዲያ ያ ሰውዬ ፍሬኑን ሳይነካው?" አሉኝ። አልነካውም። ባሌስትራ ነው የጨመረው።

ምን አደረግን

ሁለት መንገድ ነበር። አንደኛው የተጨመረውን ትቶ የቫልቩን ዘንግ በአዲሱ ከፍታ ልክ ማስተካከል ነው። ይቻላል። ግን ባሌስትራው ራሱ የማይሆን ስለሆነ አልመረጥነውም። ቅጠሎቹ ጉብጠታቸው ከዋናው ጋር አይገጥምም፣ መሃል ላይ ክፍተት አለ። አክስሉን ከባሌስትራው ጋር የሚያስሩት የዩ ቅርጽ ያላቸው ስታፋዎች ደግሞ የድሮዎቹ ናቸው። ባሌስትራው ሲወፍር አጠሩ፣ ዳዶዎቹ ጥርሳቸውን ሙሉ ሳይዙ ጫፍ ላይ ቀርተዋል። ጣርማ በር ላይ ስለዚህ ማሰብ አልፈልግም። የክሮቼራውም (ኃይል ወደ ኋላ የሚያስተላልፈው ዘንግ መጋጠሚያ) አንግል ተዛብቶ መኪናዋ ስትነሳ ትንቀጠቀጥ ነበር።

ስለዚህ የደከመውም የተጨመረውም ወረደ። ለራሷ የተሠራው ሙሉ ባሌስትራ በሁለቱም ጎን አዲስ ገባ፣ ስታፋዎቹም አዲስ ናቸው። በአንድ ጎን ብቻ መቀየር አይታሰብም፣ መኪናዋ ያጋድላል። አዲሱ ባሌስትራ ከሥሩ ወፍራም ረዳት ቅጠል አለው። ባዶ ስትሆን አይነካም፣ ጭነት ሲመጣ ነው ሥራ የሚጀምረው። በጭፍን ከሚጨመር ባሌስትራ የሚለየው ይህ ነው።

ተረኛው ጠላት ጎሚኒው ነው። የባሌስትራው ዓይን ውስጥ ያለው ጎሚኒ ቡሎኑ ሲጠብቅ ባለበት አቋም ይያዛል። መኪናዋ በክሪክ ተንጠልጥላ አክስሉ ወደ ታች ወርዶ እያለ ካጠበቅከው፣ መሬት ስትነካ ጎሚኒው ተጠማዞ ይቀራል። መኪናዋን ከፍ አድርጎ ይይዛል፣ ብዙም ሳይቆይ ይቀደዳል። ያኔ ከፍታው እንደገና ይወርድና "ባሌስትራው ፎርጅድ ነበር" ይባላል። መጀመሪያ ቡሎኖቹን አላላ አድርጎ ማስገባት፣ መኪናዋን በጎማዋ ማቆም፣ ማነቃነቅ፣ ከዚያ ማጥበቅ ነው። የፊት ክንዶችም ሕጋቸው ይኸው ነው። ይህን ሥራ ጋሼ ራሳቸው ቆመው እንዲያዩት አደረግሁ።

የፊቱን ቶርሽን ባር ለማስተካከል ጎማዎቹን አንጠልጥለን ቡሎኑን ፈታ፣ አውርዶ ገፋ፣ ለካ፣ እንደገና ማንሳት ነው። አሰልቺ ነው ግን ሌላ አቋራጭ የለውም። ረዳቴ ግራና ቀኙን ዘንግ እናቀያይራቸው ብሎ ነበር፣ የግራው የደከመ ስለሚመስል። አይሆንም። ዘንጎቹ ሲሠሩ በየራሳቸው የመጠምዘዝ አቅጣጫ የተዘጋጁ ናቸው፣ ጫፋቸው ላይ ግራና ቀኝ የሚለይ ምልክት አላቸው። ከተቀያየሩ ይደክማሉ ወይም ይሰበራሉ። ከቦታቸው የሚወጡ ከሆነም ጥርሱ የት እንደነበረ ሳይፈታ ምልክት ይደረጋል።

ዘይት የጀመረው ሾክና ጥንዱ ተቀየሩ፣ የኋላዎቹ ባሉበት ቀሩ። የፊት ፓዶች ተቀየሩ፣ ዲስኮቹ ተለክተው ከልክ በታች ስላልሆኑ ቆዩ። የፍሬን ዘይቱ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ አዲስ ገባ። የቫልቩ ዘንግ በመጀመሪያ ልኩ ቀረ፣ ምክንያቱም ሻንሲው ራሱ ወደ ልኩ ተመልሷል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው አላይመንት የተሠራው። የፊት መብራቱ መጨረሻ ላይ ተስተካከለ። ኋላ ከፍ ሲል መብራት ይደፋል፣ ፊት ሲነሳ ወይም ኋላ ሲጫን ሰማይ ያያል። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ የተነሳ መብራት ለራስም ነጭ ግድግዳ ነው፣ ለሚመጣውም ዕውር ማድረጊያ ነው። ሹፌሮቹ የሰደቧቸው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ከዚያ በኋላ

አዲስ ባሌስትራ በገባበት ቀን ከፍታው መጨረሻው አይደለም። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ሠርቶ ይቀመጣል። ስትወጣ ኋላዋ 53 ተኩል ነበረች። ጥቂት ሳምንት ድንችና ሽንኩርት አመላልሳ ስትመለስ 52 ተኩል ሆናለች። ፊቷ በቀኝ 46 ተኩል፣ በግራ 46 ነው። የግማሽ ሳንቲሟን ልዩነት አልነካኋትም። የግራው ዘንግ ትንሽ ደክሟል፣ ሆኖም አላይመንቱን አላዛባም። ስታፋዎቹን ደግመን አጠበቅን፣ ባሌስትራው ሲቀመጥ እነሱም ይላላሉና።

ፍሬኑን ለማየት ጋሼ ጋር ተጭና ወደ ደብረ ሲና ወረድን። በ2ኛ ማርሽ፣ ሞተሩ እየያዛት፣ ፍሬኑ አልፎ አልፎ እየተነካ። ደብረ ሲና ስንቆም የኋላው ቸርኬ ሞቋል። ፊቱም ሞቋል፣ ግን ውኃው አልተነነም። ሽታ የለም።

ያልተስማማንበት አንድ ነገር ቀርቷል፣ ጭነቱ። እኔ 10 ኩንታል አልኩ። እሳቸው "በ10 ኩንታል ናፍጣውም አይወጣም" አሉ። በ12 ጀምረው በየወሩ ኋላዋን እዚሁ ሊለኩ ተስማማን። ከ51 ከወረደች ባሌስትራው መድከም ጀምሯል ማለት ነው። የወጡትን የድሮ ባሌስትራዎች ይዘው ሄደዋል፣ ደጋ ላይ ያለ ቀጥቃጭ ለማረሻና ለማጭድ በጥሩ ዋጋ ይገዛቸዋል።